የመንገደኛን ሻንጣ ከዘመድ አዝማድ ነጻ ለማውጣት የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 23/2

እኛ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን ዚፕ የምንዘጋ መንገደኞች፤

ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ለሚበር የኢኮኖሚ መንገደኛ በተለምዶ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ሲፈቀዱ፣ ዘመድ አዝማድ 46ቱንም ኪሎ ለራሱ የተመደበ በጀት አድርጎ መቁጠሩን በመገንዘብ፤

ሦስት ወር ልጁ ቤት ሊያርፍ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ሲከብድ መጀመሪያ የሚያወጣው የገዛ ልብሱን መሆኑ ሥር የሰደደ ችግር ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የቀላል ሻንጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤
ሀ) «ትንሽ ነገር» ማለት በስልክ ምንነቱ የማይነገር፣ በበረራው ዋዜማ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት የሚደርስ እቃ ነው፤
ለ) «አደራ» ማለት ተቀባዩ በማግስቱ ደውሎ «እቃዬ መጣ?» የሚልበት፣ ያመጣውን ሰው ግን «እንዴት ገባህ?» የማይልበት ጉዳይ ነው፤
ሐ) «ሚዛን» ማለት ቤት 22፣ ቦሌ 26 የሚል መሣሪያ ነው።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ልብስ

3. የሚፈቀድ መጠን
(1) መንገደኛ የሚይዘው የአንድ ሳምንት ልብስ ነው። የቀሩትን ሳምንታት የልጁ ቤት ማጠቢያ ማሽን ይሸፍናቸዋል።
(2) በሐምሌ የሚጓዝ ሰው የአዲስ አበባን ክረምት ጭኖ መሄድ አይችልም። እኛ ጋቢ ደርበን በመስኮት ዝናብ ስናይ፣ ዋሽንግተን ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።
(3) ጫማ ሁለት ጥንድ ይበቃል። ከባዱ እግር ላይ ይውላል፤ የሌላው ሆድ ካልሲ ይጎርሳል።
(4) የሀበሻ ቀሚስ አንድ ይፈቀዳል። «ምናልባት ሰርግ ቢኖር» የሚል ምክንያት ሁለተኛ ቀሚስ አያስጭንም።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ባልትና

4. ሽሮ፣ በርበሬ እና ቋንጣ
(1) ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳረጋል። ፈታሹ ከረጢቱን ከፍቶ ቢያነጥሰው ኃላፊነቱ የመንገደኛው ነው።
(2) ቋንጣ የአሜሪካ ጉምሩክ ስለማያሳልፈው እዚሁ ተበልቶ ይሄዳል። ሌላውም ምግብ ቢሆን ሲገባ ለጉምሩክ ይነገራል እንጂ አይደበቅም።
(3) ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ እና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሀበሻ ሱቆች ሽሮም፣ በርበሬም፣ እንጀራም እንደሚሸጡ ለእናቶች በይፋ ይነገር።
(4) በንዑስ አንቀጽ (3) የተደነገገው ቢኖርም፣ እናት ራሷ ቀምማ ያስፈጨችው በርበሬ በሱቅ በርበሬ አይተካም። በመሆኑም እስከ 5 ኪሎ ይፈቀዳል። ከ5 ኪሎ በላይ ከሆነ አይመዘንም።

ክፍል አራት፦ ስለ አደራ እና ስለ ቦሌ

5. የላኪ ግዴታ
(1) ላኪ እቃውን ከበረራው አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ ሳያሽግ ያመጣል። «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ?» ተብሎ የሚጠየቀው መንገደኛው ነውና፣ ውስጡን ያላየውን ጥቅልል አይቀበልም።
(2) የአንድ ቤተሰብ ድርሻ አንድ ኪሎ ነው። የአክስት ልጅ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነኝ ቢል ተቀባይነት የለውም።

6. የተከለከሉ ድርጊቶች
(1) ወረፋ መሐል ሻንጣ ዘርግቶ እቃ መቀነስ፤ በተለይም የዳቦ ቆሎው ፌስታል ተቀዶ ቆሎው ከሰው እግር ስር ሲንከባለል «ዝም በሉት፣ አይጠቅምም» እያሉ አንድ በአንድ መልቀም፤
(2) ሚዛን ለማታለል ሁለት ጃኬት ደርቦ ኪሶቹን በቡና መሙላት፤
(3) ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መክተት። ባትሪው እሳት ቢያነሳ እቃ መጫኛው ክፍል ውስጥ የሚያየው ሰው የለም። ፓወር ባንክ፣ መድኃኒት እና ፓስፖርት ከእጅ አይለዩም።

7. ቅጣት
ይህን አዋጅ የተላለፈ ላኪ የጫነውን ሻንጣ ራሱ ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይወጣል።

ክፍል አምስት፦ ልዩ ልዩ

8. የተሻሩ ልማዶች
«ለዘመድ ነው፣ ምን ይከብዳል» የሚል ማንኛውም አባባል በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከጳጉሜን 7 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ግን መንገደኞች ሆይ፣ እምቢ ማለት ካቃታችሁ አንዱን ሻንጣ ለአደራ ስጡ፤ ሌላውን ለራሳችሁ አስቀሩ።