ከመካከለኛው በታች

ይድረስ ለተከበሩና ለተወደዱ አጎቴ፤

«አያትህ በበላ ልበልሃ ባላጋራ የሚረቱ፣ የአንተም ምላስ ከሕፃንነትህ ዕረፍት የማያውቅ ሆኖ ሳለ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሃል?» ብለው የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጋሼ፣ በዚህ በአሜሪካ አገር ሕግ የሚማረው አስቀድሞ በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ሰው ስለሆነ፣ ጠበቃ ለመሆን የሚሻ ሁሉ በጉብዝናው ወራት በኬሚስትሪ ክፍል የሠራው ሳይቀር ተጽፎ ይቀርብበታል። እኔም ወደ ኬሚስትሪ የገባሁት፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ፣ ይልቁንም እርስዎ፣ «ሐኪም ሁንልን» ብላችሁ መርቃችሁ ስለ ሰደዳችሁኝ መሆኑን አይዘነጉትም። ምርቃቱ እስከ 2.8 አድርሶኛል፤ ሙሉው 4 ነው።

የደገምሁትን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዩኒቨርሲቲው በርኅራኄ ተመልክቶ ፊተኛውን ውጤት ከድምር ቢያወጣልኝም፣ የአመልካቾችን ሰነድ የሚያሰናዳው ድርጅት ፊተኛውንም ኋለኛውንም አንድ ላይ ደመራቸው። ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የተገኘ ውጤት፣ የማስተርስም ቢሆን፣ በዚህ ድምር አይገባም፤ እንግዲህ ይህ ንስሐ የማይፍቀው፣ ተዝካርም የማይደርስለት መዝገብ ነው። በአንጻሩ ኤ ፕላስ ያገኘ ተማሪ 4.33 ተብሎ ይታሰብለታል፤ ለጻድቃን ከጽድቃቸው በላይ ምርቃት አላቸው ማለት ነው። (እኔም ውጤቴን ያነሣልኛል ብዬ አማርኛን ከፈረንጆች ጋር ተቀምጬ ብማር፣ ሠራዊትን በእሳቱ ሰ፣ ሐመርን በሃሌታው ሀ ጽፈሃል ተብዬ ቢ ፕላስ ተሰጠኝ። ይህን ለየኔታ እንዳይነግሩብኝ።)

የቀረው መዳኛ ኤልሳት የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው፤ እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ የሚፈጁ 4 ክፍሎች አሉት፤ ከ4ቱ አንዱ ለሚመጣው ዘመን ጥያቄ መሞከሪያ ስለሆነ አይታረምም፣ የትኛው እንደሆነ ግን ለተፈታኙ ስለማይገለጥ ሁሉንም በእኩል ፍርሃት ይሠራዋል። እኔ ያጠናሁት ሌሊት በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ፣ ከመክፈያው መስኮት ሥር መጽሐፉን በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው። አንድ ሌሊት ቲኬቱን የጣለ ባለመኪና መጣና፣ «ማስታወቂያው ‹ቲኬት የሌለው የሙሉ ቀን ይከፍላል› ይላል፤ እኔ አንድ ሰዓት ብቻ ስለቆምሁ የሙሉ ቀን ልከፍል አይገባኝም፤ ስለዚህ ቲኬት የለህም ልትለኝ አትችልም» አለኝ። ልክ በዚያች ደቂቃ የማነበው ስለዚሁ ዓይነት የተጣመመ ሙግት ነበርና፣ ሊከፈል የሚገባውንና እንዲከፈል የታዘዘውን እንደ ቀላቀለ በሰፊው ስተነትንለት፣ ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ነፉ። ሰውዬው የሙሉ ቀኑን ከፍሎ ሄደ፤ እኔም በሕይወቴ የመጀመሪያውን ክርክር ረታሁ።

አሁን ወደ ምሥጢሩ ልግባ። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር እያንዳንዱ የሕግ ትምህርት ቤት ያስገባቸውን ተማሪዎች ውጤት በየዓመቱ እንዲገልጥ ያስገድዳል፤ ዩኤስ ኒውስ የተባለው ድርጅትም ይህን ጭምር እየመዘነ በደረጃ ይመድባቸዋል። (እ.ኤ.አ. በ2022 ዬልና ሐርቫርድ ከዚህ ምደባ ጋር ከእንግዲህ አንተባበርም ቢሉ፣ ከሕዝብ ፊት ከወጣው መረጃ እያነበበ መመደቡን ቀጠለ።) የሚቆጠረውም አማካዩ ሳይሆን፣ ተማሪዎቹ በውጤታቸው ተራ ቢሰለፉ መካከል ላይ የሚቆመው ተማሪ ውጤት ነው። እስቲ ይህን ነገር እንደ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ ቀስ ብለው ይመርምሩልኝ፤ መካከለኛው 3.9 በሆነበት ትምህርት ቤት፣ ሌት ተቀን ደክሞ 3.8 ያመጣው ልጅና እኔ ባለ 2.8ቱ፣ ሁለታችንም ከመስመሩ በታች ነንና በዚያ ሒሳብ አንድ ነን! እርሱ በጥቂት ጎደለ፣ እኔ በብዙ ጎደልሁ፤ መካከለኛው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በኤልሳት ከመካከለኛው በላይ ከሆንሁ ደግሞ፣ በአንዱ ሚዛን የማጎድለውን በሌላው እሞላላቸዋለሁ። እንዲህ ያለውን አመልካች እዚህ ስፕሊተር ይሉታል።

ትምህርት ቤቶቹ ሰውን በሙሉ ማንነቱ እንመዝናለን ብለው ይሰብካሉ፤ እውነትም የማመልከቻ አንባቢዎቻቸው መዝገቡን ገልጠው ያያሉ፣ አይተውም የሚዘጉብኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ተስፋዬን ከስብከቱ ይልቅ በሒሳቡ ላይ ጥያለሁ።

ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን፣ ራስን የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ በ2 ገጽ ጻፍሁ፤ ወዳጆቼ በባዶ እግሬ ወንዝ እየተሻገርሁ የተማርሁ አስመስዬ እንድጽፍ ቢመክሩኝም፣ ከፒያሳ በሰርቪስ ተመላልሶ የተማረ ሰው የሚሻገረውን ወንዝ ስላጣሁ ተውሁት። የውጤቴን ማነስ የሚያስረዳውን አጭር ማብራሪያ ስጽፍ ደግሞ የሌሊቱን ሥራ እንጂ የእናንተን ምርቃት አልጠቀስሁም። ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ግን አደራ፤ የዕድራችን ሊቀ መንበር በማኅተም አስደግፈው ሊጽፉልኝ ማሰባቸው ቢያኮራኝም፣ እዚህ የሚፈልጉት ያስተማረኝን ሰው ምስክርነት ነው።

የደረሰኝ ወሬ ይህ ነው፤ አንዱ ትምህርት ቤት አልነፈገኝም፣ አልሰጠኝምም፣ በተጠባባቂ መዝገብ አስፍሮኛል። እንዲህ የተጻፈ ሰው ዛሬም እንደሚወዳቸውና ከጠሩት እንደሚመጣ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠበቃል፤ ይህም እርስዎ በየሚኒስቴሩ በረንዳ ሲያካሂዱት የኖሩት ደጅ ጥናት ነው። ስለዚህ የእርስዎን የማመልከቻ አጻጻፍ አስታውሼ፣ ለክቡርነታቸው ዕድሜና ጤና ተመኝቼ፣ የትምህርት ቤቱን ዝና አወድሼ፣ አዲሱን የኤልሳት ውጤቴን አያይዤ አዘጋጀሁት። አማካሪዬ ሁሉን አሳልፋ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» የምትለዋን ብቻ ሰርዛብኛለች፤ እኔ ግን ሳልነግራት መልሼ አስገብቼ ልኬዋለሁ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ፤
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ