አርብ ማታን ማን መረጠው?

ለሲስተም ማሻሻያ አርብ ማታን የመረጠ ሰው ካለ ይምጣና ያነጋግረኝ። ጡረታ ወጥቼ ገርጂ ተቀምጫለሁ፤ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል። ዕድሜዬን በኮምፒውተር ክፍል ፈጅቻለሁ፣ ግን እንዲህ በየቢሮው የጸና፣ ማንም ለምን ብሎ የማይጠይቀው ሕግ አላየሁም። "ሰው በማይኖርበት ሰዓት እንሠራለን" ይላሉ። የት አገር ነው ቅዳሜ ሰው የማይኖረው? ልማዱ የመጣው ቅዳሜንም እሑድንም ተኝቶ ከሚያሳልፍ አገር ነው፤ እዚያ አርብ ማታ ያበላሹትን እስከ ሰኞ ጠዋት ይጠግኑታል። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ባንክ ክፍት፣ ሱቅ ክፍት፣ ገበያ ደግሞ የሚደራው ያን ቀን። ቦሌ ኤርፖርትማ ሰንበት የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማ።

ማስረጃ ካላችሁኝ የ2016ቱን መጋቢት አስታውሱ። አርብ መጋቢት 6 አልፎ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኛው በሂሳቡ የሌለውን ገንዘብ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ጀመር። ወሬው በስልክ ከዶርም ዶርም ሲበር፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከአልጋው ወርዶ ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ለጥናት እንዲህ በነቃልን! ብሔራዊ ባንክ በኋላ ባወጣው መግለጫ ችግሩ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ሲከናወን የተፈጠረ ነው አለ፤ ሰብሮ የገባ ሌባ አልነበረም። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ያላግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገሩ። አብዛኛው በልመናም በማስፈራሪያም ተመለሰ፤ አልመልስ ያለው ስሙና ፎቶው ቅርንጫፉ ላይ ተለጠፈ።

የእኛ ብቻ ነው እንዳትሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 12፣ አሁንም አርብ ነው፣ ክራውድስትራይክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ብልሹ ፋይል ለዓለም በሙሉ ባንዴ ላከ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር ወደቀ። አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ታወከ፣ ባለሙያው ከማሽን ማሽን እየዞረ ያችን ፋይል በእጁ ሲሰርዝ ከረመ። ወጥ እንኳ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት በጭልፋ ጫፍ ይቀመሳል!

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነግሬዋለሁ። ወሎ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር ሊያሻሽሉ፣ በዚያውም ዊንዶውስ 10ን በ11 ሊተኩ ነው። ይተኩ፤ ማይክሮሶፍት ለአሥሩ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ችግሬ ዕቅዱ ላይ ነው።

"እኛም መጀመሪያ እንሞክረዋለን ጋሼ፤ ፓይለት አለን" አለኝ።

"በማን ኮምፒውተር?"

"በአይቲ ክፍሉ።"

ኤዲያ! የአይቲ ክፍሉ ኮምፒውተር ትናንት ከካርቶን የወጣ፣ ሜሞሪው የተትረፈረፈ፣ ባለቤቱም ቢበላሽ ራሱ የሚጠግን። እሱ ምን ሆኖ ይወድቃል? ሞክረው እንጂ በሂሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ማሽን፤ ፕሪንተሩ ከእሷ በቀር ለማንም በማይታዘዘው፣ የደመወዙ ፕሮግራም ባለበት፣ ያንን የሠራው ልጅ ደግሞ ካናዳ በገባው!

ቀጥዬ ስንት ኮምፒውተር እንዳላቸው ጠየቅሁት። ንብረት ክፍል አንድ ቁጥር አለው፣ ሂሳብ ክፍል ሌላ፣ ሶፍትዌሩ ሦስተኛ። ሶፍትዌሩ የሚያየው ኔትወርክ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈውን፣ ሥራ አስኪያጁ ቤታቸው የወሰዱትን፣ ከመገናኛ ያገለገለ ተብሎ የተገዛውን አያይም። ከሚታዩትም ስንቱ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ እንዳለው ገና አልተጣራም። የማሻሻያው ፋይል ለአንድ ማሽን ጊጋባይት በጊጋባይት ነው፤ ሁሉም ባንዴ ከኢንተርኔት ልሳብ ካለ መስመሩ ይታነቃል። በየቅርንጫፉ አንድ ማከፋፈያ ኮምፒውተር አስቀምጡ፣ ቀድማችሁ በሌሊት ጫኑበት አልኩት። ጻፈው። ከመሃል መብራት ቢጠፋስ አልኩት። "ጄኔሬተር አለ" አለኝ። ናፍጣውስ? እሱን የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው።

ዕቅዱ ላይ ሰዓቱ ደግሞ "2፡00" ይላል። የማን ሁለት ሰዓት? እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ የውጭ አማካሪ እንዲሁ ሁለት ሰዓት ብሎ ጽፎ ሄደ። እሱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው። ተረኛው ልጅ ደግሞ ሐበሻ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ፣ ሰርቨሩን በትእዛዙ መሠረት ጸጥ አደረገው። ማን ይወቀስ? ሁለቱም ዕቅዱን አክብረዋል።

"ካልሆነስ መመለሻው የቱ ጋ ነው?" ስለው "ባክአፕ አለን" ይለኛል። ባክአፑን መልሳችሁ ጭናችሁ አይታችሁታል ወይ? እስከ ስንት ሰዓት ካልተሳካ ነው ወደ ድሮው የምትመለሱት? ተዉ የሚለውስ ማን ነው? በዚያ ሁሉ የዕቅዱ ስላይድ ውስጥ ይህን የሚያዝ ስም የለም። ሥራው ሲያልቅ ለሚቆረጠው ኬክ ግን አስተባባሪ ተመድቧል።

"እሺ፣ ቀኑ ይለወጥ እንዳልል ማኔጅመንት አጽድቆታል፤ አርብ ጁላይ 3 ነው" አለ።

"በእኛ ስንት ነው?"

ስልኩን አውጥቶ ጠቅ ጠቅ አደረገ። "ሰኔ 26።"

"የበጀት መዝጊያ ሳምንት! ሂሳብ ክፍል ያውቃል?"

"ኢሜይል ልከንላቸዋል።"

"ምን አሉ?"

"አልመለሱም ጋሼ። ሥራ በዝቶባቸዋል መሰለኝ።"