ተዘዋዋሪው ሠራተኛና ኢሜይሉ፦ አጭር ጥናት

በቢሮ ውስጥ ከሚኖሩ ፍጥረታት ሊቃውንት በቅጡ ያልመረመሩት አንድ አለ፤ ተዘዋዋሪ ሠራተኛ ይባላል። ጠዋት በሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ላይ ይታያል። ከቡና መልስ ወደ መስኮቱ ይሻገራል። ከሰዓት በኋላ የዓመት ፈቃድ የወጣ ባልደረባው ወንበር ላይ ይገኛል። ለስደቱ ምክንያት አያጣም፤ የአንዱ ኪቦርድ ስፔሱ አይሠራም፣ የሌላው ፕሪንተር ቀለም ጨርሷል፣ ሦስተኛው ላይ ፀሐይ ያርፍበታል። ሰውየው የትም ቢቀመጥ አይቸገርም። የሚቸገረው ኢሜይሉ ነው።

የችግሩ ሥር ጥንታዊ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኔትወርክ ደብዳቤ ሲልክ፣ ያቺን የተጠቀለለች የ«አት» ምልክት የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም እንድትለይ መረጣት። ሲነበብ «እገሌ፣ እዚያኛው ማሽን ላይ ያለው» ማለት ነው። ደብዳቤው ከመነሻው የተጻፈው ለሰው ከነወንበሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በደብዳቤ አቀባበል ላይ ሁለት ጉባኤ ቤቶች ተነሡ። ፖፕ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1984 ብቅ ብሎ በ1988 ሦስተኛ እትሙ ወጣ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አውርድ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሰርዝ። አንድ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር ለነበረበት ዘመን የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው። ተዘዋዋሪው ግን ጠዋት በሩ አጠገብ ያወረደውን ከሰዓት መስኮቱ ሥር ይፈልገዋል። «ደብዳቤዬ ጠፋ!» ይላል። አልጠፋም፤ ስድስት እርምጃ ወዲያ ተቀምጧል።

አይቲው ተጠርቶ ይመጣል፤ «ቅጂው ሰርቨር ላይ ይቆይ» የምትለዋን ሳጥን ራይት አድርጎ ይሄዳል። አሁን ያው ደብዳቤ በሦስቱም ኮምፒውተር እንዳልተነበበ ሆኖ ይመጣል። ተዘዋዋሪው ትጉህ ስለሆነ ሦስቴ ይመልሳል። የላከው መልስ ደግሞ በላከበት ማሽን ብቻ ስለሚቀር፣ ሰኞ «ይቻላል» ያለውን ነገር ረቡዕ «አይቻልም» ቢል ሊፈረድበት አይገባም።

ሁለተኛው ጉባኤ አይማፕ ነው፤ ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ የጀመረው። ይህ በአገራችን ቋንቋ መዝገብ ቤት ማለት ነው። ፋይሉ ከመደርደሪያው አይወጣም፤ ማንበብ የፈለገ ሰው ነው የሚመጣው። አንድ ቦታ የተነበበው ሌላም ቦታ እንደተነበበ ይታያል፤ አንድ ቦታ የተሰረዘው በሁሉም ቦታ ይሰረዛል። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ተዘዋዋሪው የሚያምነው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ዊንዶውስ በበኩሉ «ሮሚንግ ፕሮፋይል» የሚባል ሥርዓት አለው፤ ይህን ለመረዳት ከአይቲ መምህር ይልቅ የታሪክ መምህር ይሻላል። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ነገሥታቱ ከነድንኳናቸው ይዘዋወሩ ነበር። እዚህም ሠራተኛው ሲገባ ድንኳኑ ከሰርቨሩ ተጭኖ ይመጣል፤ ሲወጣ ተነቅሎ ይመለሳል። ዴስክቶፑ ላይ የእኅቱን የሠርግ ቪዲዮ ያስቀመጠ እንደሆነ ጉዞው ረጅም ነው፤ ቡናው ይቀድማል። የሚያሳዝነው፣ አውትሉክ የአይማፕ ደብዳቤዎቹን ቅጂ የሚያኖረው አብሮ በማይጓዘው ፎልደር ውስጥ መሆኑ ነው። ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ በቅሎው ሁሉ ደርሶ የመዝገቡ ሣጥን ከኋላ ይቀራል፤ በየወንበሩም ኢንቦክሱ ከሀ ጀምሮ እንደገና ይወርዳል።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ተዘዋዋሪ የበዛበት ቢሮ ውስጥ ደብዳቤውን ሰርቨር ላይ ትተው ሠራተኛውን በብራውዘር እንዲከፍት ይመክሩታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ከፖፕም ከድንኳኑም ይገላግላል። ብራውዘሩ ግን «ፓስወርድህን ላስታውስልህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተዘዋዋሪውም ትሕትና አያጣምና እሺ ይላል። ሳይወጣ ተነሥቶ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚቀመጠው ባልደረባ የተከፈተውን ኢንቦክስ የራሱ መስሎት የአሥር ቀን የዓመት ፈቃድ ይጠይቃል።

ፈቃዱ ይጸድቃል፤ ለተነሣው ሰውዬ።