ዝገቱ ነው የያዘው

«ፋዘር፣ ይቺን ቸርኬ ለማጠብ መጀመሪያ ከማዕድን ሚኒስቴር ፈቃድ ማውጣት አለብን» አለኝ የሳሪሱ ላቫጆ ልጅ፣ ቮልሴን አንድ ዙር ዞሮ ካያት በኋላ።

«ለምን ሲባል?»

«ብረቱ ጋ እስክንደርስ ብዙ ቁፋሮ አለ።»

«ቆፍራ! ወርቅ ካገኘህ እኩል እንካፈላለን፤ አፅም ካገኘህ ግን ለብሔራዊ ሙዚየም ታስረክባለህ።»

«አፅሙማ መሪ ይዞ መጣ!»

ላቫጆው በሳቅ ፈረሰ። ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ማራገቢያዋን ጥላ ሳቀች። ከላቫጆ ልጅ ጋር ተረብ የገጠመ ሰው ታጥቦ ነው የሚሄደው፤ እኔም ገና ውሃ ሳይነካኝ ታጠብኩ።

ልጁ ድሉን ሳያጣጥም ወረቀቷ የተላጠ ሃይላንድ ከበርጩማ ሥር አወጣ። ክዳኗን ሲከፍታት ሽታው አፍንጫዬን ነከሰኝ።

«ምንድን ናት?»

«መድኃኒት ናት። አንዴ ረጨት ሲያደርጓት ቸርኬው መስታወት ይሆናል።»

«እኮ፣ ምንድን ናት?»

«የባትሪ አሲድ። ግን ውሃ አብዝቼባታለሁ። ከፈለጉ በረኪናም ጠብ አደርግባታለሁ።»

«በረኪና ከጨመርክባትማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣና፣ ቸርኬው ሲያበራ የሚያይ ሰው እዚህ አይተርፍም።»

ይሄኔ አጠገባችን ተራ የሚጠብቀው የቪትዝ ባለቤት ጣልቃ ገባ። «እኔ በእሷ ነው የማሳጥበው፤ ቸርኬዬን እንደ ብር ነው የምታደርግልኝ» አለ በኩራት። ጎንበስ ብዬ አየሁለት። እውነቱን ነው፣ እንደ ብር ነው፤ ከእጅ እጅ ሲዞር የከረመ የአስር ብር ኖት። ፈሳሹ በወረደበት በኩል ግራጫ መስመር አስምሮበታል። ጠርዙ ከእግረኛ መንገድ ድንጋይ ጋር በተጋጨበት ቦታ ደግሞ፣ ከላይኛው ቫርኒሽ ሥር ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር እየተጠማዘዘ ገብቷል። ምስጥ የሄደበት ግድግዳ ነው የሚመስለው።

ቸርኬው የተሠራበት አሉሚኒየም እኮ ጨዋ ነው፤ አየር እንደነካው ስስ ልብስ በራሱ ላይ ይሠራል። አሲድ ያንን ልብስ ይገፈዋል፤ ኃይለኛ የምድጃ ማጽጃም እንደዚያው። ፋብሪካው በበኩሉ ብዙውን ቸርኬ መስታወት የመሰለ ቫርኒሽ ደርቦ ያለብሰዋል። ስለዚህ «ብረት ወለወልኩ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወለውለው ያንን ቫርኒሽ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፦ የብረት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ነካ አድርጎ፣ የጸዳ ቸርኬ ላይ በማይታይ በኩል ማሸት። ጨርቁ ከጠቆረ ብረቱ ራቁቱን ነው፤ ካልጠቆረ ልብስ ለብሷል። የለበሰ ቸርኬ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። ውሃ ከተሰነጠቀው ጠርዝ አንዴ ከገባ ግን ላዩን ቢወለውሉት አይወጣም፤ ቫርኒሹ ተልጦ እንደገና መቀባት አለበት።

ይሄን ሁሉ ለቪትዙ ጌታ ነገርኩት።

«እና አሁን ምን ይሻላል?»

«እስኪበርድ ምንም አታስነካው» አልኩት። ከመንገድ እንደገባ ነው፤ ፍሬኑ ገና ይተነፍሳል። የጋለ ቸርኬ ላይ ማጽጃ ካፈሰሱ ሳይታጠብ ደርቆ ምልክቱን ትቶ ይቀራል።

ባለ ጀበናዋ አላለፈችኝም። «ቸርኬው እስኪበርድ ሦስት ስኒ ይበቃል። ባለቤቱ እስኪበርድ ግን የኔ ጀበና አይችለውም።»

እኛ በዚህ ስንስቅ ልጁ ወደ ቮልሴ ዞሮ የድስት ሽቦ አንስቶ የጎማዬን ቆብ ሊፈገፍግ!

«አንተ! ድስት መሰለህ?»

«ድስት ቢሆንማ ፋዘር፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ወጥ በወጣው ነበር።»

ቆቡም ፓራውልቱም ኒኬል ናቸው፤ ማለቴ እኛ ኒኬል የምንለው ክሮም። ስሙን ያወጡት የድሮ ሰዎች ግን ብዙም አልተሳሳቱም። የሚታየው ክሮም ከፀጉር ክር ከመቶ እጥፍ በላይ የሳሳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ወፍራሙ ነገር ራሱ ኒኬል ነው። ዝገቱ የሚመጣው ደግሞ ከሁለቱም ሥር ካለው ብረት ነው፤ በማይታይ ቀዳዳ ሾልኮ ጠቃጠቆ ይሆናል። ጠቃጠቆውን በሽቦ ያሸ ሰው ቀዳዳውን እያሰፋ ነው። የኔ መድኃኒት የማስቲካ ብርማ ወረቀት ነው። ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ ብሎ ማሸት፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ክሮሙን አይቧጭርም። ቪትዙ ላይ ግን አይሞከርም፣ ቫርኒሹን ይልጠዋል።

ልጁ የማስቲካ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «አራቱ ቆቦች እስኪያልቁ ስንት ማስቲካ ላኝክ ነው? ከቆቡ በፊት መንጋጋዬ ፖሊሽ ይሆናል።»

በዚህ መሃል አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ከኋላችን ቆመች። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ በጫማዋ ጫፍ የምትመጣ መኪና በዝታለች። ባለቤቱ ወርዶ ቸርኬዎቻችንን በሀዘኔታ ጎበኘ።

«የኔ አይጠቁርም» አለ። ውሸት አይደለም። ቸርኬ ላይ የሚጋገረው ጥቁር ነገር አብዛኛው ከፍሬን ሸራና ከዲስክ የተፈገፈገ ብናኝ ነው፤ የብረቱ ቅንጣት ጋል ብሎ ተለጥፎ፣ ውሃ ሲያገኝ እዚያው ይዝጋል። የእሱ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቷን የምትቀንሰው በሞተሯ ስለሆነ ሸራዋን ብዙም አትበላም።

ልጁ አልተዋጠለትም። «የእርስዎማ እንዴት ይቆሽሻል ጋሼ? መብራት በጠፋ ቁጥር ቤት ነው የሚውለው።»

«ያንተስ ሥራ ውሃ የጠፋ ቀን የት ነው የሚውለው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ መልስ አጣ። እኔም በሰው ድል ደረቴን ነፋሁ።

ቆቦቹ ከጸዱ በኋላ በደንብ አደረቅናቸው። «አሁን ሰም ነው የቀረው» አልኩት።

«ሰም? ቅኔ ሊቀኙ ነው?»

«ወርቁን አንተ ታስከፍለኛለህ፤ ሰሙን እኔ ይዣለሁ።» የመኪና ሰም ነው፣ በቆርቆሮ። በአሮጌ ካናቴራ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጭጋግ እስኪመስል መጠበቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማንሳት። ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ቶሎ አይጣበቅም፤ በሳሙና ውሃ ይለቃል። ልጁ የመጀመሪያውን ቆብ ሲገልጠው የገዛ ፊቱ ተንጋዶ ታየውና ፀጉሩን አስተካከለ። ጨርቁን ግን ከቸርኬ አንስቶ በቀጥታ ወደ ፊት መስታወቴ ሊወስደው ሲል ክንዱን ያዝኩት፤ በዚያ ብናኝ መስታወት ማሸት በአሸዋ ማሸት ነው።

ፓራውልቱ ብቻ ቀረ። ብሎኑ አካባቢ ዝገቱ አብጦ እንደ ሽሮ ተንፈቅፍቋል። ልጁ ጣቱን አስጠጋ።

«ይሄንንስ ልፈግፍገው?»

«እንዳትነካው! ፓራውልቱን ዝገቱ ነው የያዘው።»

ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ሰማችሁ? እንግዲያው ፋዘርንም ውሃ እንዳታስነኳቸው።»