ቲማቲምን በጀሪካን ውስጥ ለመግደል
(ለጀማሪዎች)

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ጀሪካን ውስጥ የተተከለ ቲማቲም ለመግደል ከማንም የቀረበ ነው። ሜዳው ያስተማረውን ሁሉ ሳይቀንስ ጀሪካኑ ውስጥ ይድገመው፤ ሌላ አያስፈልገውም። ወረታ ከተማ ውስጥ ግቢው ጠቦ በጀሪካንና በባልዲ የሚተክለው ሰው እየበዛ ስለሆነ፣ ያለ ኬሚካል አብቅሎ ልጆቹን ማብላት የሚፈልገውም ብዙ ስለሆነ፣ ምክሩን ከአጥፊው በኩል ጀምሬ እጽፈዋለሁ። ተክሉ በምን እንደሚሞት ያወቀ ማዳኑ አይቸግረውም።

መጀመሪያ አፈሩ። ከማሳ ጥቁሩን ዋልካ አምጡና ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እስከ አፉ ጠቅጥቁት፤ ምንም አትቀላቅሉበት። ይህ አፈር አገር ያበላ አፈር ነው። ክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሲተኙበት ውኃውን ይዞ ያቆያል፣ ሩዝም የሚወደው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሩዝ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ አየር የሚያወርድበት ክፍት መተላለፊያ በውስጡ አለው። ቲማቲም የለውም። ዋልካ ሲርስ አብጦ አየሩን ይዘጋል፣ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ከጀሪካኑ ግድግዳ ይላቀቃል። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ያፈሰሳችሁት ውኃ በዚያ ክፍተት ቁልቁል ወርዶ ከታች ይንጠባጠባል፣ እናንተም ጠገበ ብላችሁ ትገባላችሁ። መሀሉን በእንጨት ብትጭሩት ግን ደረቅ ጓል ነው።

ማዳን የሚፈልግ አንድ እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ወይም የሩዝ ገለፈት ይቀላቅል። ገለፈቱ ወረታ ወፍጮ ቤቶች ደጅ ተቆልሎ ይገኛል፣ ቶሎ ስለማይበሰብስም አፈሩን ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ድብልቁን አርሶ በእጅ ጨብጦ ሲለቁት መፈረካከስ አለበት።

ቀጥሎ፣ ጀሪካኑን ከታች አትብሱት። ደህና ዕቃ መቅደድ ስለሚያሳዝን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳይመከርም ይሳሳታል። ውኃው ከታች ይጠራቀማል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ቅጠሉ ጠውልጎ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ተጠማ ብላችሁ ሌላ ውኃ ጨምሩበት። በውኃ ብዛት የሞተ ቲማቲም በውኃ ጥም ከሞተው ጋር አንድ ይመስላል፤ ጀማሪውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ውኃውን ተዉት። ከታች ደግሞ ጣት የሚያሳልፉ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ይኑሩ፣ ጀሪካኑም በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ማዳበሪያውንም አትርሱ። የዛሬውን እበት ከበረት አንሥታችሁ ሥሩ ሥር ክመሩት፤ “ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም” በሉ። ማሳ ላይ የተበተነ እበት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ቀስ ብሎ ይበርዳል። ጀሪካን ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ሙቀቱም አሞኒያውም ጨዉም ለጋውን ሥር ያቃጥላል። እበት ከገለባና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ እየተገላበጠ ሦስት አራት ወር ይቆይ። ሲበስል የእበት ሽታው ጠፍቶ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ብስባሹን ከእምቦጭ እሠራለሁ የምትሉም ሳያብብ ሰብስቡት፣ ከቦይና ከወንዝ አርቃችሁም አድርቁት። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወረረው ይህ አረም ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አብቦ የተነቀለውን እምቦጭ በጥሬው ወደ ግቢ ማምጣት ጥፋቱን ከሐይቅ ወደ ጓሮ ማዛወር ነው።

ተክሉ ከዚህ ሁሉ ተርፎ ካፈራ፣ ሦስት ቀን አስጠሙትና በአራተኛው አጥለቅልቁት። ፍሬው ከታች፣ ከአበባው በኩል፣ ጠቁሮ ይሟሽሻል። ይህ ተባይም ተላላፊ በሽታም አይደለም፤ ውኃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ለፍሬው ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። እናንተ ግን ፍሬውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና መርጫ ግዙበት፤ ገንዘቡም የኦርጋኒክ ሐሳቡም አብረው ይሄዳሉ። መፍትሔው አፈሩን በሩዝ ጭድ ሸፍኖ ጠዋት ጠዋት መጠነኛ ውኃ ማጠጣት ብቻ ነበር። አንድ ጀሪካን አንድ ተክል ብቻ መያዝ እንዳለበትም አስታውሱ፤ አራት ችግኝ ካጎራችሁበት አራቱም ይቀጭጫሉ።

ወቅቱም ይረዳችኋል። በሰኔ ተክላችሁ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ተዉት፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ ስለሚከርም ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣበትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ግንዱ ድረስ ይወርዳል። የሜዳው ገበሬ ቲማቲምና ሽንኩርቱን ክረምት ሲወጣ በመስኖ የሚያለማው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በዚህ እንኳ ሜዳውን ብትሰሙ ይሻላችኋል።

አንዱን ግን ገልብጬ አልጽፈውም። በየማሳው ዳር የሚጣለው የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት ዕቃ ለመትከያም ለውኃ ማጠጫም አይሆንም። ሦስት ጊዜ ቢታጠብ፣ በአመድ ቢፈተግ፣ ፀሐይ ላይ ቢከርምም አይሆንም፤ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ እጃችሁና ልጆቻችሁም ይነኩታል። መትከያ ስትገዙ የምግብ ዘይት የነበረበትን ምረጡ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ ሻጩን ጠይቁ፣ የማያውቅ ከሆነ ተዉት። የመድኃኒቱን ዕቃ ደግሞ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ቀዳዱት፤ ለጎረቤት አትስጡ፣ ገበያም አታውጡት።