መሪው የኔ ነው

እንግሊዞች ኤምጂቢ የምትባለውን ትንሽ የስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ሠርተው አበቁ። ባለቤቶቿ ግን ዛሬም አላበቁም። እሑድ እሑድ ይገናኙና ኮፈን ከፍተው ይፎካከራሉ። ከሥሯ ዘይት ሲፈስ የታየበት ባለመኪና አያፍርም፤ «ካላንጠባጠበች ዘይት የላትም ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል። (ይህን መልስ ከመኪና ውጭም የሰማሁት ይመስለኛል።)

የወሎው የሐይቅና የአምባሰል ዳገት ግን ኤምጂቢን አያስጠጋም። ለእሱ የምትሆነው ሌላዋ እንግሊዛዊት፣ ላንድሮቨር ናት። በ1948 እ.ኤ.አ. ስትወለድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ብረት አጥሮ ስለነበር አካሏን በአልሙኒየም ሠሩት። ስለዚህ ቆዳዋ አይዝግም። ባትንቀሳቀስም አይዝግም።

ባለፈው ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዤ እንደተቀመጥኩ ሁለት ባለ ላንድሮቨሮች ሲፎካከሩ ሰማሁ፤ አንዱ ሐጂ፣ ሌላው ጡረተኛ ሻለቃ። የሐጂ መሪ እንደ ጥንቱ በቀኝ ነው። የሻለቃ ወደ ግራ ተዛውሯል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አገራችን በግራ በኩል ስትነዳ ኖራ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተሻገረች። መንገዱ ተለወጠ፤ በነበረበት የቀረ መሪ ግን አልጠፋም። (ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ግራ የመንገድ ስላልሆነ ልለፈው።)

«ሐጂ፣ ያንቱ መሪ ገደል ገደሉን ነው የሚያየው» አሉ ሻለቃ።

«አልሐምዱሊላህ! ገደሉን የሚያይ መሪ መች በየቦታው ይገኛል? ያንቱው መሀል መንገድ ላይ ተሰይሞ ማንን አሳለፈ?»

«የኔ ቢያንስ ሲዞር ጎማው ይከተለዋል።»

«ይከተለዋል፤ ወዴት እንደሆነ ሳይነገረው።»

በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር እዚህ አገር የቆየ ነው። በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ውጫሌ ይገኛል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ ላይ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ተናግሮ አድዋ ድረስ አድርሶናል። ሐጂና ሻለቃ ግን ጦር አልተማዘዙም። ውጫሌ ቀድሞ የደረሰ ዓሣ ሊጋበዝ ተወራረዱና በየወንበራቸው ተደላደሉ። ሁለቱም ክላክስ ነፉ። ሁለቱም አልተነሱም።

«ኑ ልጆች፣ ግፉ!» ተባለ።

ባጃጅ ነጂው፣ ዓሣ ጠባሹ፣ ተማሪው፣ እኔም ሳልቀር ቀኙንም ግራውንም ገፋን። ሽማግሌዎቹ ከውስጥ ሆነው በመስኮት «አዩልኝ ፍጥነቷን!» ይባባላሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ አጠገቤ የሚያለከልክ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ገጠመ፤

በዳገት ገፋነው፣ ላባችን ፈሰሰ፤
ፍሬን ያጣው ጉዞ ቁልቁል ተመለሰ።

ሐጂም ሻለቃም ከልባቸው ሳቁ። «እውነቱን ነው፣ ፍሬኑን እናሠራዋለን» አሉ። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ግንባሩን ጠርጎ ትከሻውን መልሶ ደገፈ።

በሐይቅ በኩል ካለፋችሁ ዓሣውን ብሉ። «ግፉልን» ካሏችሁ ግን እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት የነዳጁን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። እኔ ያየሁት ከገፋሁ በኋላ ነው፤ ባዶ ነበር።