የዌስትላንድስ ጠራዦች፦ አንድ የመስክ ጥናት

በናይሮቢ ዌስትላንድስ ጠራዥ ጠፋ የሚለው አቤቱታ በመረጃ አይደገፍም። ጠራዥ ሞልቷል። የሳይንስ ተማሪዎች የሚማሩበት የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ቺሮሞ ግቢ ቅርብ ነው፤ የሕግ ተማሪዎቹም ጎረቤት ፓርክላንድስ ናቸው፤ ተማሪ ባለበት ፎቶኮፒ ቤት፣ ፎቶኮፒ ቤት ባለበት ጥረዛ አይጠፋም። ይህ ጥናት የሚመረምረው ሌላ ጉዳይ ነው፦ መጻሕፍቱን በሻንጣ ተሸክሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ የከተመ ሐበሻ ሰብሳቢ ለምን እንደሚንከራተት።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። የመጽሐፉን ጀርባ ከላይ በኩል አጮልቆ ያየ ሰው ታጥፈው በክር የተሰፉ ክፍሎች ካገኘ፣ ባለቤቱ የታደለ ነው። ያገኘው አንድ ባንድ ተቆርጠው በትኩስ ሙጫ የተያያዙ ቅጠሎች ከሆነ፣ ሙጫው እስኪደርቅና እስኪሰነጠቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ብዙው የአማርኛ ልቦለድ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል። የጥናቱ ተሳታፊ የሆነው ሰብሳቢ ጥፋቱን በአየሩ ላይ ያሳብባል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ፣ ናይሮቢ 1,700 ገደማ ከፍ ይላሉና ሙጫው ቁልቁለቱን አልቻለውም ባይ ነው። መላምቱ ውድቅ ሆኗል፤ መጻሕፍቱ አዲስ አበባ እያሉም ይበተኑ ነበር።

በዌስትላንድስ ሁለት ዓይነት ሕክምና ይሰጣል። አንደኛው ስፓይራል ነው፤ ስለሱ ባይነሳ ይሻላል። ሁለተኛው ለመመረቂያ ጽሑፍ የተበጀው ጠንካራ ሽፋን ሲሆን፣ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሠለጠነ እጅ የቀረበለትን ሁሉ መመረቂያ ጽሑፍ ያደርጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ቅጠሎቹን በጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ያስተካክላል፣ የደረቀውን ሙጫ በመቁረጫው ይልጣል፣ ከዳሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይበሳና ከፊት ወደ ኋላ በወፍራም ክር ይሰፋል። ስፌቱ በሬ ቢጎትተው አይላቀቅም። መጽሐፉም ከዚያ ወዲያ ተዘርግቶ አይከፈትም። ሰፊ ነጭ ህዳግ ትቶ ለጻፈ ተማሪ ይህ ምንም አይደለም፤ ህዳጉን ወረቀት ለመቆጠብ ላጠበበ አሳታሚ ግን ውጤቱ ሰዋስዋዊ ነው። በግራ ገጽ የመስመሩ መጨረሻ ስፌቱ ውስጥ ይገባል፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ማን ማንን የት እንዳገኘው ይታወቃል፣ ምን እንዳደረገው ግን አይታወቅም። በቀኝ ገጽ የሚዋጠው መነሻው ነው፤ «አልመጣም» የተባለው ሰው «መጣም» ሆኖ ይደርሳል። ሴራው በዚህ መጠን ይለወጣል።

ነገሩን አሳፋሪ የሚያደርገው የሰብሳቢው የዘር ሐረግ ነው። የአገሩ ደጓሽ የብራናውን ጥራዞች በሰንሰለት ስፌት እያያያዘ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ገበታ ጋር ሲሰፋ ኖሯል፤ ጀርባው ላይ ሙጫ ስለማይጭን መጽሐፉ አትሮንስ ላይ እጁን ዘርግቶ ይተኛል። ቆዳው በጋለ ብረት ይደጎሳል፣ ማኅደር ይሰፋለታል፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተመደቡት፣ ጥገና ሲያስፈልጋቸው ከገዳሙ አልወጡም። እንግሊዛዊው ጠራዥ ሌስተር ኬፐን ነው መሣሪያውን ይዞ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ገዳሙ የሄደው። ከዚህ እንደምንረዳው ጥሩ ጠራዥ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ቅድመ ሁኔታው መጽሐፉ 1,400 ዓመት ገደማ መሙላቱ ብቻ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ወረፋ ላይ ነው።

ስለዚህ ተሳታፊው ይህንኑ ልቦለድ ይዞ ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ ሄደ። ጥቁር ሽፋን፣ ወርቃማ ፊደል ታዘዘ። የፊደሉ ሳጥን የያዘው ላቲን ብቻ ስለሆነ ርዕሱ በላቲን ተለቀመ። ባለሙያው ቅጹን እያየ፣ «ቦስ፣ ፋኩልቲው ምንድን ነው?» አለ። ተሳታፊው የልቦለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣን አስታወሰና «ሕግ» ብሎ መለሰ፤ ተመዘገበለት።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ቀርቶ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው የመጀመሪያው እትም። ተሳታፊው እሱን ከመቁረጫው ሥር ለማስገባት እጁ አልታዘዝ አለው። በቀድሞው የአዲስ አበባ ልማድ ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ማኖር ይቻል ነበር፤ ኬንያ ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። በጎማ ላስቲክ አሰረውና በካኪ ፖስታ ይዞት ወጣ።